በኢሳያስ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚሠራ

[ቦንጋ። የአንድ የቡናና የማር ገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ፤ ሰኞ ጠዋት። ውጭ ዝናብ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከግድግዳው ጋር አብሮ ያረጀ ትልቅ ሰርቨር።]

ፈለቀ፦ «ኮምፒዩተር ላይ ይጽፋል» ብል ምን ይጎድላል?

ኢሳያስ፦ እኔ ታይፒስት ነኝ እንዴ ጋሽ ፈለቀ?

ፈለቀ፦ አትጽፍም?

ኢሳያስ፦ እጽፋለሁ።

ፈለቀ፦ የምትጽፈው ኮምፒዩተር ላይ አይደለም?

ኢሳያስ፦ ኮምፒዩተር ላይ ነው።

ፈለቀ፦ ታዲያ ምኑ ላይ ዋሸሁ?

ኢሳያስ፦ አልዋሹም። አዋረዱኝ እንጂ። «በፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ ላይብረሪ የኤክስኤምኤል ስታይልሺት ያዘጋጃል» ይበሉ። በቃ፣ አለቀ።

ፈለቀ፦ ጋሽ ወልደ ማርያም «የመንግሥት ነው የግል?» ይሉኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሳያስ ፀዲን ሊያገባ ነው፤ ማለቴ ሊያገባት ቆርጧል። በመጪው እሑድ ወደ አባቷ ወደ ጋሽ ወልደ ማርያም ሽማግሌ ይልካል፤ ከሽማግሌዎቹም ዋናው ተናጋሪ ይሄው የቢሮ ባልደረባው ጋሽ ፈለቀ ነው። ምነው እሱን መረጠ ቢባል፣ ፈለቀ ከጋሽ ወልደ ማርያም ጋር አንድ ደብር ያስቀድሳል፤ በዚያ ላይ ከአፉ ውሸት ወጥቶ አያውቅም ይባልለታል። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ነገር ቶሎ አይገባውም። ይሄን የሚለው ታዲያ ኢሳያስ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ጋሽ ወልደ ማርያም ያለቻቸው ልጅ ፀዲ ብቻ ናት። ከቦንጋ ለሚያወጣት ሰው እንደማይሰጧት ለሰሚው ሁሉ ተናግረዋል። መከራው እዚህ ላይ ነው። ዩኒየኑ ከቦንጋ ውጭ፣ ደካ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት ስለሆነ ከኢሳያስና ከፈለቀ አንዳቸው ወደዚያ ይመደባል፤ ማን እንደሚሄድ ሥራ አስኪያጇ እትዬ በዛወርቅ ዛሬ ከምሳ በፊት መጥተው ይወስናሉ። ደካ የሄደ ሰው ፀዲን ይርሳት ማለት ነው። ኢሳያስ ግን ለዚህ መላ አበጅቻለሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል።

ኢሳያስ፦ እስቲ እንለማመድ። እኔ ጋሽ ወልደ ማርያም ነኝ። እርስዎ ከበር ገቡ።

[ፈለቀ ወጥቶ በሩን አንኳኳ፤ ገብቶም መሐል ክፍሉ ላይ ቆመ።]

ኢሳያስ፦ [ድምፁን አወፍሮ] ልጁ ምን ይሠራል?

ፈለቀ፦ [ዝም]

ኢሳያስ፦ ጋሽ ፈለቀ፣ ይመልሱ እንጂ።

ፈለቀ፦ ተቀመጥ አልተባልኩም።

ኢሳያስ፦ ይቀመጡ።

ፈለቀ፦ ቶሎ ተቀመጥ ከተባልኩማ ነገሩን ንቀውታል ማለት ነው። ትንሽ አስቁመኝ።

[ኢሳያስ ትንሽ አስቆመው። ፈለቀ በትዕግሥት ቆመ።]

ኢሳያስ፦ አሁን ይቀመጡ። ልጁ ምን ይሠራል?

ፈለቀ፦ ልጁ የሚሠራው... አንተ፣ እስቲ ከሥሩ አስረዳኝ። ሽማግሌ ሆኜ የማላውቀውን ነገር አልናገርም።

ኢሳያስ፦ እሺ። ከማንኪራም ከዋጫም የገበሬ መረጃ ይመጣል አይደል? ስሙ፣ ማሳው፣ ቡናው፣ ማሩ።

ፈለቀ፦ ይመጣል። እኔ ነኝ የማስገባው።

ኢሳያስ፦ የሚቀመጥበት አጻጻፍ ኤክስኤምኤል ይባላል። እያንዳንዱ ነገር ከፊቱም ከኋላውም ስሙ ይጻፍበታል፤ የቱ ማሳ፣ የቱ ማር እንደሆነ እንዳይምታታ።

ፈለቀ፦ ደህና።

ኢሳያስ፦ የውጭ አገሩ ገዢ ደግሞ በእኛ ቅርጽ አይቀበልም። በራሱ ቅርጽ ካልመጣለት ቡናው ከየትኛው ጫካ እንደተለቀመ አላምንም ይላል። ስለዚህ ከእኛ ቅርጽ ወደ እሱ ቅርጽ የሚቀይር ትእዛዝ ይጻፋል። ስታይልሺት ማለት ይሄ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን አንብቦ ሥራውን የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ ፕሮሰሰር ነው።

ፈለቀ፦ ስታይልሺቱ፣ ካንተ በፊት እዚህ የነበረችው ብርቅዬ ጽፋልን የሄደችው ነዋ።

ኢሳያስ፦ ብርቅዬ የጻፈችውን ስታይልሺት ብሎ መጥራት ይከብዳል። ይሄን አንሣ፣ እዚያ አስቀምጥ። ያንን አንሣ፣ እዚህ አስቀምጥ። ከላይ እስከ ታች ይሄው ነው። ከመኪና ዕቃ የምታስወርድ ነው የምትመስለው።

ፈለቀ፦ ግን ይሠራል።

ኢሳያስ፦ መሥራትማ ይሠራል።

ፈለቀ፦ እዚህ ሰርቨሩ ላይ ይሠራል። ዋጫ ያለው ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል። ያንተም ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ አይቻለሁ።

ኢሳያስ፦ የትም ይሠራል። ችግሩ እሱ አይደል? የትም የሚሠራ ነገር ማንም ያሠራዋል።

ፈለቀ፦ [አሰብ አድርጎ] ይሄ ችግር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኢሳያስ፦ የእኔ ፋንክሽናል ነው። ፋንክሽን ማለት አንድ ነገር ሲሰጡት ሌላ ነገር የሚመልስ ማለት ነው። ገበሬ ይሰጡታል፣ የገበሬውን ማሳ ይመልሳል።

ፈለቀ፦ ገበሬውንስ?

ኢሳያስ፦ ገበሬው ባለበት ነው። አይነካም። ፋንክሽናል ሲሆን ምንም ነገር አይነካም፣ ምንም ነገር አይበላሽም። አንዴ የተሰጠ ዋጋ እስከ መጨረሻው ያው ነው። ቫሪያብል እንኳን አይለወጥም።

ፈለቀ፦ ቫሪያብል ምንድን ነው?

ኢሳያስ፦ ተለዋዋጭ ማለት ነው።

ፈለቀ፦ እና አይለወጥም።

ኢሳያስ፦ አይለወጥም።

ፈለቀ፦ ይሄኛውን ለጋሽ ወልደ ማርያም አልነግራቸውም።

ኢሳያስ፦ ለምን?

ፈለቀ፦ «ምንም አይነካም፣ አይበላሽም፣ የሰጡትን ይመልሳል» ካልኳቸው ለአማች ይበቃል። ከዚያ በላይ ስጨምር አበላሻለሁ።

ኢሳያስ፦ እሱ እኮ ስለ ኮዱ ነው። ስለ እኔ አይደለም።

ፈለቀ፦ ስላንተ ቢሆን ነው የሚሻለው።

ኢሳያስ ትንፋሹን ሳብ አደረገ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተነሥቶ ወጥቶ ነበር፤ ግን ሽማግሌውን የሚያስቀይም ሙሽራ የት አለ? ዋጥ አድርጎ ቀጠለ።

ኢሳያስ፦ የላይብረሪው ውበት ገና አልመጣም። ላይብረሪ ማለት ተዘጋጅተው የተቀመጡ ፋንክሽኖች ናቸው። አንዱ ፋንክሽን ሌላውን ፋንክሽን መቀበል ይችላል። ለአንደኛው ገበሬዎቹን በሙሉ እሰጠዋለሁ። ከእነሱ ጋር በእያንዳንዱ ገበሬ ላይ የሚሠራ ሌላ ፋንክሽን እሰጠዋለሁ።

ፈለቀ፦ ሥራውን የሚሠራው የትኛው ነው?

ኢሳያስ፦ ሁለተኛው።

ፈለቀ፦ አንደኛውስ?

ኢሳያስ፦ አንደኛው ለሁለተኛው ያስተላልፋል።

ፈለቀ፦ ሁለተኛውም ሌላ መቀበል ይችላል?

ኢሳያስ፦ ይችላል። እንዲያውም እንደዚያ ነው የጻፍኩት።

ፈለቀ፦ እና እሱም ለሦስተኛው ያስተላልፋል።

ኢሳያስ፦ በትክክል።

ፈለቀ፦ [ራሱን በቀስታ እየነቀነቀ] ይሄማ ገባኝ። እኛ ቢሮ ደብዳቤ ሲገባ የሚሆነው ነው። መጨረሻ ላይ የሚያስተላልፍለት ያጣ ሰው ይሠራዋል።

ኢሳያስ፦ ከሞላ ጎደል እንደዚያ ነው።

ፈለቀ፦ ለዚህ ነው አንድ ዓመት የፈጀብህ?

ኢሳያስ፦ ሌላም አለው። ግማሹን ዛሬ ሰጥተውት ግማሹን በኋላ ሊሰጡት ይችላሉ። ፋንክሽኑ የጎደለው እስኪሟላለት ድረስ ይጠብቃል። አይሳሳትም፣ አያጉረመርምም።

ፈለቀ፦ ይሄን ጥሎሹ ላይ ብናነሣውስ?

ኢሳያስ፦ ምኑን?

ፈለቀ፦ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በኋላ የሚለውን።

ኢሳያስ፦ ጋሽ ፈለቀ፣ ይሄ ፕሮግራሚንግ ነው።

ፈለቀ፦ ጋሽ ወልደ ማርያምም ይጠብቃሉ። ያጉረመርማሉ እንጂ።

ኢሳያስ፦ ማሩን ለመደመር ደግሞ ፋንክሽኑ ራሱን ይጠራል።

ፈለቀ፦ ራሱን?

ኢሳያስ፦ የመጀመሪያውን ገበሬ ማር ይይዝና «የቀሩትን ደምር» ብሎ ራሱን ይጠራል። የተጠራውም አንድ ይይዝና እንደገና ራሱን ይጠራል።

ፈለቀ፦ ማን ነው አቤት የሚለው?

ኢሳያስ፦ ራሱ።

ፈለቀ፦ እኛ ሰፈር እንደዚህ የሚያደርግ ሰው ነበር። ጠበል ወሰዱት።

ኢሳያስ፦ ተሻለው?

ፈለቀ፦ አቤት ማለቱን ተወ። መጥራቱን ግን አልተወም።

ኢሳያስ፦ [ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ] እሺ። ሥራውን ቢያዩት ይገባዎት ይሆናል። ወደዚህ ይምጡ።

ፈለቀ፦ እዚያ ላፕቶፕህ ላይማ አይቼዋለሁ። ሰርቨሩ ላይ ጫነውና ልየው። እኔ የለመድኩት እሱን ነው።

ኢሳያስ፦ ሰርቨሩ ላይ? [ፈገግ ብሎ ስታይልሺቱ ያለበትን ፍላሽ ሰጠው] ይሞክሩት።

[ፈለቀ ፍላሹን ሰርቨሩ ላይ ሰካ፤ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሰርቨሩ እንደ ወፍጮ አጓራ፤ ቆመ። በስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ።]

ፈለቀ፦ ምን አለ?

ኢሳያስ፦ «ይህን ፋንክሽን አላውቀውም» ነው የሚለው።

ፈለቀ፦ እሱም አልገባውም።

ኢሳያስ፦ አይገባውም። እዚያ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር የድሮ ነው። ፋንክሽንን ለፋንክሽን መስጠት በእሱ ዘመን አልነበረም።

ፈለቀ፦ [ሰርቨሩን ቸብ ቸብ አድርጎ] አይዞህ።

ኢሳያስ፦ ዋጫም አይሠራም። የዋጫው ፕሮሰሰር ሌሎች ሰዎች የሠሩት ነው፤ ግማሹን ያውቃል፣ የማያውቀውን ዝም ብሎ ይዘለዋል።

ፈለቀ፦ ሲዘለው ምን ይሆናል?

ኢሳያስ፦ ገበሬው ይወጣል፣ ማሳው አይወጣም።

ፈለቀ፦ የት ሄደ?

ኢሳያስ፦ ማን?

ፈለቀ፦ ማሳው።

ኢሳያስ፦ የትም አልሄደም ጋሽ ፈለቀ። ማሳው ዋጫ ነው ያለው።

ፈለቀ፦ እኔም ገርሞኝ ነው።

[ፈለቀ ፍላሹን ነቅሎ አገላብጦ አየው፤ መለሰለት።]

ፈለቀ፦ አሮጌውም እንዲገባው አድርጎ መጻፍ አይቻልም?

ኢሳያስ፦ ይቻላል። ዙሪያ ጥምጥም ይሆናል እንጂ አሮጌው ፕሮሰሰር ላይም የሚሄድ አጻጻፍ አለ። እኔ ግን ለምን ብዬ? [ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ] ጋሽ ፈለቀ፣ እርስዎ ሽማግሌዬ ስለሆኑ ልንገርዎት። ሆን ብዬ ነው።

ፈለቀ፦ ምኑን?

ኢሳያስ፦ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ብቻ እንዲሠራ ያደረግሁት። ካፋን ከዳር እስከ ዳር ቢያስሱ ይሄን የሚያነብ ሰው ከእኔ ሌላ አያገኙም። የሚያስኬደውም ማሽን ከዚህ ሌላ የለም። እትዬ በዛወርቅ ይሄን ሲሰሙ ምን የሚሉ ይመስልዎታል?

ፈለቀ፦ ምን ይላሉ?

ኢሳያስ፦ «ይሄን ልጅ የትም አልለቀውም» ነዋ።

ፈለቀ፦ [ዝናቡን ሲያይ ቆይቶ] እንደዚህ ብለህ ልትነግራቸው ነው?

ኢሳያስ፦ ቃል በቃል።

ፈለቀ፦ ባትነግራቸውስ?

ኢሳያስ፦ [በሐዘኔታ] ይገባኛል ጋሽ ፈለቀ። እኔ ከቀረሁ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት። ግን እርስዎ አግብተው ወልደው ጨርሰዋል። ደካ ደግሞ ጥሩ አገር ነው። ማር አለ።

ፈለቀ፦ ማርማ ማንኪራ አለኝ። ቀፎዎቼ እዚያ ናቸው፣ ዛፍ ላይ።

ኢሳያስ፦ ንብ የትም ያው ንብ ነው።

ፈለቀ፦ እነሱ እንደዚያ አያስቡም።

ፈለቀ በካፊኖኖ፣ በካፋዎች ቋንቋ፣ አንድ ነገር ለራሱ አጉተመተመ። ኢሳያስ ቦንጋ አድጎ ካፊኖኖውን የጨዋታ ያህል ስለሚሰማ «ምነው ዝም ቢል» ያለው መሰለው፤ ግን ስለ ንቦቹ ይሆናል ብሎ ተወው። ሰው ሲቀናም እንዲህ ያጉተመትማል። አዘነለት እንኳን።

[እትዬ በዛወርቅ ገቡ። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አራገፉ። ሁለቱም ተነሡ።]

በዛወርቅ፦ በእግዚአብሔር፣ ቁጭ በሉ። መኪና እየጠበቀኝ ነው። ኢሳያስ፣ ያ አዲሱ ነገር አለቀልህ?

ኢሳያስ፦ አልቋል እትዬ። [ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረ፤ ቁልፍ ተጫነ] ይኸው። የማንኪራ ገበሬ በሙሉ፣ ከነማሳው ካርታ፣ ገዢው በሚፈልገው ቅርጽ።

በዛወርቅ፦ [መነጽራቸውን ከፍ አድርገው] ያምራል። እውነት ያምራል። ሰርቨሩ ላይም እንዲህ ይወጣል?

ፈለቀ፦ እትዬ፣ ሻይ ልዘዝልዎት?

በዛወርቅ፦ ጠጥቻለሁ አቶ ፈለቀ፣ ይስጥልኝ።

ኢሳያስ፦ ሰርቨሩ ላይ አይወጣም። ፕሮሰሰሩ ይሄን አያውቀውም። ዋጫም አያውቀውም።

በዛወርቅ፦ የት ነው ታዲያ የሚያውቀው?

ኢሳያስ፦ [ቀጥ ብሎ ቆሞ] እዚህ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው እትዬ።

ፈለቀ፦ ልጁ ዛሬ ትንሽ ደክሞታል። ነገ ቢያስረዳዎት ጥሩ ነበር።

ኢሳያስ፦ ኧረ ምንም አልደከመኝም።

በዛወርቅ፦ ቢበላሽ ማነው የሚያስተካክለው?

ኢሳያስ፦ እኔ።

በዛወርቅ፦ አንተ ባትኖርስ?

ኢሳያስ፦ ማንም አይችልም።

[ፈለቀ አሳለ።]

በዛወርቅ፦ ውሃ ይጠጡ አቶ ፈለቀ። ኢሳያስ፣ ይሄ ነገር ኔትወርክ ይፈልጋል?

ኢሳያስ ልቡ ሞቅ አለ። ይሄን ጥያቄ ከሰው ሁሉ ፊት ቢጠየቅ ይመኝ ነበር። ፈለቀ ከጎኑ ጫማውን በጫማው ረገጥ አደረገው፤ ኢሳያስ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ቀጠለ።

ኢሳያስ፦ ኔትወርክ አይፈልግ፣ ሰርቨር አይፈልግ። ላይብረሪው በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። መብራት ቢጠፋ በባትሪ ይሠራል። እኔና ይሄ ላፕቶፕ ካለን ከማንም ምንም አንጠይቅም።

በዛወርቅ፦ ጫካ መሐል ቢሆንም?

ኢሳያስ፦ ጫካ መሐል ቢሆንም።

[ፈለቀ ዓይኑን ጨፈነ።]

በዛወርቅ፦ እግዚአብሔር ይስጥህ። ገላገልከኝ። ደካ የተከራየነው ቤት ኔትወርክ አይዝም፤ መብራቱም ገና አልገባለትም። አቶ ፈለቀን ልልክ ነበር፤ እሳቸው ግን ከሰርቨሩ በቀር ሌላ ማሽን አልለመዱም፣ ሰርቨሩ ደግሞ ከግድግዳው ከተነቀለ ዳግመኛ አይነሣም። ይሄን ሳወጣ ሳወርድ ነው የሰነበትኩት። ለካ አንተ ቢሮህን በቦርሳ ይዘህ ነው የምትዞረው።

ኢሳያስ፦ እትዬ...

በዛወርቅ፦ እዚህ በብርቅዬው ስታይልሺት እንቀጥላለን። አቶ ፈለቀ ለምደውታል። ላንተ መኪናው ሐሙስ ጠዋት ይነሣል።

ኢሳያስ፦ እትዬ፣ ይሄ ነገር እኮ ሌላ ቦታም መሥራት ይችላል።

በዛወርቅ፦ አይችልም አላልክም እንዴ አሁን?

ኢሳያስ፦ አሁን ባለበት ነው። አስተካክዬ ብጽፈው አሮጌው ፕሮሰሰር ላይ ይሄዳል። ዋጫም ይሄዳል። ተራ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። ማንም ሰው ሊያሠራው ይችላል።

በዛወርቅ፦ ማንም?

ኢሳያስ፦ ማንም። ጋሽ ፈለቀ ሳይቀሩ።

በዛወርቅ፦ እንደዚያማ ከሆነ ጥሩ ነው። ላፕቶፕ እኔ እፈልግላቸዋለሁ። አቶ ፈለቀ ይሄን ነገር ራሳቸው አስኪደው፣ ሲበላሽም አስተካክለው ያሳዩኝ ቀን ትቀያየራላችሁ። እሳቸው ደካ ይሄዳሉ፣ አንተ ቦንጋ ትገባለህ።

ኢሳያስ፦ ከሐሙስ በፊት ከቻሉስ?

በዛወርቅ፦ ከሐሙስ በፊት ከቻሉ ከነጭራሹ አትሄድም። [ጃንጥላቸውን አንሥተው] በሉ ደህና ዋሉ። ሳልዎን ይታከሙት አቶ ፈለቀ።

[ወጡ።]

ኢሳያስ፦ ለምን ዝም አሉኝ?

ፈለቀ፦ ሻይ ልዘዝ አልኩ።

ኢሳያስ፦ ሻይ ሲሉ እኔ ምን ልወቅ?

ፈለቀ፦ ደክሞታልም አልኩ። አሳልኩ። ረገጥኩህ።

ኢሳያስ፦ የቀኑብኝ መስሎኝ ነበር።

ፈለቀ፦ በደካ?

ኢሳያስ፦ [ተቀመጠ] እርስዎ ይሄ እንደሚመጣ በምን አወቁ?

ፈለቀ፦ እኔ አይደለሁም ያወቅሁት፤ ጋሽ ወልደ ማርያም ናቸው። ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ አገኙኝ። «እሑድ የምትመጡለት ልጅ ሥራው ምንድን ነው?» አሉኝ። አንተ በል እንዳልከኝ «በካፋ ምድር ከእሱ በቀር ማንም የማይችለው ሥራ ነው» አልኳቸው።

ኢሳያስ፦ ምን አሉ?

ፈለቀ፦ «እንግዲያውስ ደካ መላኩ አይቀርም» አሉ።

ኢሳያስ፦ እሳቸው ስለ ደካ ማን ነገራቸው?

ፈለቀ፦ ቦንጋ ውስጥ ያልሰማ አለ? ደግሞ እሳቸው የቢሮ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው የመልእክት ራዲዮኑን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ራዲዮኑ በሄደበት ሁሉ ተከትለው ሄዱ። ሚስታቸው ፀዲን ብቻዋን አሳደገቻት። «ልጄ እናቷ እንደኖረችው አትኖርም» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ለዚህ ነው ሥራህን ቀለል አድርጌ የምናገርበት መንገድ ስፈልግልህ ያረፈድኩት። አንተ ግን ባስረዳኸኝ ቁጥር ደካ እየቀረበች መጣች።

ነገሩ የራሷ ብቻ ቢሆን ፀዲ ደካ ድረስ ትከተለው እንደነበር ኢሳያስ ያውቃል። አባቷን ጥላ ግን አንድ ሌሊትም ከቤት አታድርም፤ ኢሳያስም ሲጀመር የወደዳት በዚህ ነው። ላፕቶፑን አየው፤ የማንኪራ ገበሬዎች አሁንም ተሰልፈው ያምራሉ። ሕይወቱን ሙሉ እንደ ዛሬ ሰው ለምኖ አያውቅም።

ኢሳያስ፦ ጋሽ ፈለቀ። ከሐሙስ በፊት ከቻሉ አልሄድም፤ እትዬ ብለዋል እኮ።

ፈለቀ፦ ሰምቻለሁ።

ኢሳያስ፦ እኔ ዛሬውኑ ቀላል አድርጌ እጽፈዋለሁ። ሰርቨሩም እንዲገባው፣ ዋጫም እንዲገባው። ከዚያ እርስዎን አስተምርዎታለሁ። ስታይልሺቱን፣ ላይብረሪውን፣ ሁሉንም። እባክዎን። ያለ እርስዎ ማንም የለኝም።

ፈለቀ፦ እኔ እኮ ነገር ቶሎ አይገባኝም። ትላለህ አሉ።

ኢሳያስ፦ ማን ነገረዎት?

ፈለቀ፦ ግድ የለም፣ እውነት ነው።

ኢሳያስ፦ እውነት አይደለም። ይገባዎታል። ማንም ሰው ከተረጋጋ ይገባዋል።

ፈለቀ፦ የገባኝ ቀን ደካ የምሄደው እኔ ነኝ አይደል?

ኢሳያስ፦ [አንገቱን ደፍቶ] አዎ።

ፈለቀ፦ ለማወቅ ያህል ነው።

[ፈለቀ ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ ሳበ። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው፤ እንደገና ጠረገው።]

ኢሳያስ፦ ጋሽ ፈለቀ፣ ጊዜ የለንም።

ፈለቀ፦ በል ጀምር። ቀስ እያልክ ግን፤ የማገባው እኔ አይደለሁም።